ምዕራፍ ሰባት፦ ከድንኳኑ በፊት

አዳማ ላይ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ብቻውን አያለቅስም። ወሬው በተሰማ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የዕድሩ ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚ ወንበሩ ይደረደራል፣ ድስቱና ብርጭቆው ከዕድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል። ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ፣ ወንዶቹ መቃብር ያስቆፍራሉ፣ ጎረቤት ምግብ ይዞ ይመጣል፣ ዘመድ ያድራል። በኦሮሞው ባህል ቡሳ ጎኖፋ የሚባለው የመረዳዳት ሥርዓትም ጉዳት የደረሰበትን ሰው ሜዳ ላይ አይጥለውም። ይህ ሁሉ የሚሆነው ማንም ሳይለምን ነው። መዋጮው ለዓመታት በየወሩ ሲከፈል ቆይቷል፣ ተረኛው ይታወቃል፣ ደንቡ ተጽፏል።

ከሞቱ በፊት ባሉት ሳምንታት በዚያው ቤት የሚሆነው ግን ሌላ ነው። በሽተኛዋ ሌሊቱን ስታቃስት ታነጋለች። አንዲት ልጅ ሥራዋን ወይም ትምህርቷን ትታ እናቷን ታገላብጣለች። ቁስሉ እንዴት እንደሚታጠብ፣ ሕመሙ በምን እንደሚታገሥ፣ ትንፋሽ ሲያጥር ምን እንደሚደረግ ያሳያት የለም። ጠያቂው «እግዜር ይማርሽ»፣ «ረቢ ሲ ሃ ፈይሱ» ብሎ፣ ብርቱካኑን አስቀምጦ ይሄዳል። ሲመሽ እናትና ልጅ ብቻቸውን ይቀራሉ።

ይህ ምዕራፍ ስለነዚያ ሳምንታት ነው። ለቀብርና ለለቅሶ እንዲህ አድርጎ መደራጀት የሚያውቅ ማኅበረሰብ ከዚያ በፊት ላሉት ቀናትም መደራጀት ይችላል። ለዚያ የሚያስፈልገው ዕውቀት በእጃችን አለ፤ ውድ አይደለም፤ አብዛኛውም የነርስ ሙያ ነው።

«ወደ ቤት ውሰዷቸው»

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ከወለንጪቲ የመጡ የ55 ዓመት እናት እናስብ። ደም ሲፈሳቸው «የዕድሜ ነው» ብለው ወራት አሳለፉ፤ ጠበልም ሞከሩ። ሲብስባቸው ጤና ጣቢያ ሄዱ፣ ከዚያ ወደ አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ሪፈር ተጻፈላቸው፣ ናሙና ተወሰደ፣ ውጤቱ የማኅፀን በር ካንሰር ሆነ። ይህ ካንሰርና የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታዩት ሁለቱ ናቸው። አብዛኞቹ ታማሚዎች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ደግሞ በሽታው ሥር ከሰደደ በኋላ ነው።

የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ውስጥ የነበረው በአንድ ቦታ ብቻ፣ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነበር። ወረፋው ወራት ይፈጅ ነበር። ከክልል የመጣ ሰው ወረፋው እስኪደርሰው የት ያድራል? አቶ ወንዱ በቀለ ትንሹን ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከሥራዎቹ አንዱ ያደረገው ለእነዚህ እንግዶች ማረፊያ መስጠትን ነው።

በመጨረሻ ሐኪሙ ልጅቱን ወደ ጎን ጠርቶ «ከእንግዲህ የምናደርገው ነገር የለም፤ ወደ ቤት ውሰዷቸው» ይላታል። ካንሰሩን ለማዳን የሚደረገው ነገር በእርግጥ አልቆ ይሆናል። ለእናትየው የሚደረገው ግን ገና አልተጀመረም። ሕመማቸው ይታከማል፣ ማቅለሽለሻቸው ይታከማል፣ የቁስሉ ሽታ ይታከማል፣ እንቅልፍ ማጣታቸውና ፍርሃታቸው ይታከማል። ማስታገሻ ሕክምና የሚባለው ይህ ነው። ሞትን አያፋጥንም፣ ሞትንም አያዘገይም፤ እስከ መጨረሻው ያለውን ሕይወት ለመኖር የሚቻል ያደርገዋል። የሚያስፈልጋቸውም ካንሰር ያለባቸው ብቻ አይደሉም። ልባቸው ወይም ኩላሊታቸው የደከመ፣ ስትሮክ የጣላቸው፣ ኤች አይ ቪ የበረታባቸው፣ ከከባድ በሽታ ጋር የተወለዱ ሕፃናትም ይፈልጉታል። የመጨረሻውን ቀን መጠበቅም አያስፈልገውም፤ ከፈዋሹ ሕክምና ጎን ለጎን ከመጀመሪያው ቀን ሊጀመር ይገባል።

ሙያው ከየት መጣ

ዘመናዊውን የማስታገሻ ሕክምና መሠረት የጣለችው እንግሊዛዊቷ ሲሲሊ ሳውንደርስ ናት። መጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥሎ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ፣ በኋላም ሐኪም ሆና፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስ የተባለውን የሕሙማን ማስታመሚያ ከፈተች። ሦስቱም ሙያዎቿ አስተሳሰቧ ውስጥ ይታያሉ። በእርሷ አስተምህሮ የሚሞት ሰው ሕመም የሥጋ ብቻ አይደለም። የአእምሮ ጭንቀት፣ የቤተሰብና የኑሮ ሐሳብ፣ የመንፈስ ጥያቄም አብረው ያማሉ፤ አንዱን ብቻ ያከመ ሌላውን ሳያክም ይቀራል።

ይህን ሐሳብ ለአፍሪካ ድሃ ቤት የሚሆን ያደረገችው ሐኪሟ አን ሜሪማን ናት። እ.ኤ.አ. በ1993 ካምፓላ ላይ ሆስፒስ አፍሪካ ዩጋንዳን መሠረተች። የሞርፊን ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ፣ በጠርሙስ ተሞልቶ፣ በሽተኛው በቤቱ በአፉ የሚጠጣው ርካሽ መድኃኒት ሆነ። ዩጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ሕጓን አሻሽላ በልዩ ሁኔታ የሠለጠኑ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ሞርፊን እንዲያዝዙ ፈቀደች። ሐኪም በማይገኝበት ገጠር ሕመሙ መድኃኒት ያገኘው በነርስ እጅ ነው።

በእኛ አገር ይህን ሙያ ያስጀመረው የኤች አይ ቪ ዘመን ነው። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ብዙዎች የሞቱት በቤታቸው፣ አንዳንዶቹም ከዘመድ ተለይተው ነው። የጅቡቲ መንገድ የጭነት መኪናዎች የሚያድሩባት አዳማ ከዚያ መከራ የደረሰባት ቀላል አልነበረም። በዚያ ዘመን የእማሆይ ቴሬዛ መነኮሳት ማንም የሌላቸውን ሕሙማን ሰብስበው ያስታምሙ ነበር፤ በየሰፈሩም በጎ ፈቃደኞች ቤት ለቤት እየዞሩ የተኛውን ያጥቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያን መሠረተች። መሥራቿ ነርስ መሆኗ በአጋጣሚ አይደለም፤ ሌሊቱን ከበሽተኛ ጋር የሚያድረው ነርስ ነው፣ መድኃኒቱ አለመበቃቱንም ቀድሞ የሚያውቀው እርሱ ነው። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2016 ብሔራዊ የማስታገሻ ሕክምና መመሪያ አወጣ።

አዳማ በዚህ ረገድ የራሷ ታሪክ አላት። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የሜኖናይት ሚሲዮን የጥጥ መዳመጫ በነበረ ግቢ ሆስፒታል ከፈተ። ሆስፒታሉ በአርበኛው ኃይለማርያም ማሞ ስም ተጠራ፤ የዛሬው አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ እርሱ ነው። ሚሲዮኑ እዚያ ድሬሰሮችን ያሠለጥን ነበር። ሐኪም በሌለበት ዘመን ቁስል የሚያጥበው፣ መርፌ የሚወጋው፣ ከሕመምተኛው ጋር በቋንቋው የሚያወራው ድሬሰር ነበር። ተራ የሚመስለውን የእጅ ሙያ ለብዙ ሰው ማስተማር በዚህች ከተማ አዲስ ነገር አይደለም።

ዛሬ የሚጎድለው ሥልጠናው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ 341 ነርሶችን ስለ ማስታገሻ ሕክምና ጠይቆ ነበር። ጥሩ ዕውቀት ያላቸው 30.5 በመቶው ብቻ ሆኑ። ለሥራው በጎ አመለካከት ያላቸው ግን 76 በመቶ ነበሩ። ፈቃዱ ከዕውቀቱ ቀድሞ ደርሷል ማለት ነው፤ ልብን ከማሳመን ይልቅ እጅን ማሠልጠን ደግሞ ይቀላል።

ሕመምን በሰዓቱ

የስምጥ ሸለቆ ሰው ሕመምን ችሎ መኖር ያውቃል። በወንጂ የስኳር እርሻ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውኃ ለዓመታት የጠጡ ሠራተኞች አከርካሪያቸው እስኪደርቅ ድረስ አጥንታቸው ተጎድቷል፤ ብዙዎቹም እንደ ዕጣ ተቀብለውት ኖረዋል። ይህ ቻይነት የሚከበር ነው። በበሽተኛ አልጋ ላይ ግን ነርሷን ያሳስታታል። እናትየው «እንዴት አደሩ እማማ?» ሲባሉ «ተመስገን፣ ደኅና ነኝ» ይላሉ፤ ግንባራቸው ግን ተኮማትሯል፣ ጉልበታቸውን ወደ ሆዳቸው ሰብስበዋል።

ስለዚህ የሠለጠነች ነርስ «ደኅና ነዎት?» ብላ አትመለስም። እጇን ትዘረጋለች። «ጭብጥ ካደረግኩት ምንም ሕመም የለም፤ አምስቱም ጣት ከተዘረጋ ከዚህ የባሰ የለም። ዛሬ ስንት ጣት ነው እማማ?» ትላለች። ማንበብ የማይችል ሰው ይመልሰዋል፤ አማርኛ የሚናገርም ኦሮምኛ የሚናገርም ይመልሰዋል። አራት ጣት ያሳዩ እናት መድኃኒት ከወሰዱ በኋላ ሁለት ካሳዩ ሕክምናው ሠርቷል፤ አሁንም አራት ከሆነ መጠኑ ወይም መድኃኒቱ ይለወጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው የሕመም ማስታገሻ ቅደም ተከተል ለቀላል ሕመም እንደ ፓራሲታሞል ያለ መድኃኒት፣ ለመካከለኛው እንደ ኮዴይንና ትራማዶል ያለ፣ ለብርቱው ሞርፊን ይላል። ከዝርዝሩ ይልቅ እስከ ዛሬ የጸናው አሰጣጡ ነው፦ በተቻለ መጠን በአፍ፣ በሰዓቱ፣ በእያንዳንዱ ሰው ልክ። «በሰዓቱ» የሚለው ላይ ቆም እንበል። በብዙ ቤት ማስታገሻ የሚሰጠው በሽተኛው ሲጮኽ ነው። ያኔ ሕመሙ ቀድሞ ወጥቷል፤ መድኃኒቱ እስኪሠራ ሌላ የመከራ ሰዓት ያልፋል። የሚጠጣ ሞርፊን በሰውነት ውስጥ የሚሠራው ለአራት ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ የፊተኛው ኃይል ሳያልቅ ቀጣዩ ይሰጣል።

ነርሷ ከልጅቱ ጋር ተቀምጣ አንድ ወረቀት ላይ ትጽፋለች፦ ጠዋት 12 ሰዓት፣ 4 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 12 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት። የማታው 4 ሰዓት እጥፍ ሆኖ ሊታዘዝ ይችላል፤ እናትም ልጅም ሌሊቱን እንዲተኙ ነው። ከእያንዳንዱ ሰዓት ፊት ለፊት ባዶ ቦታ ትተዋለች፤ ልጅቱ ስትሰጥ ምልክት ታደርግበታለች። መርፌው በወጣለት ሲሪንጅ መድኃኒቱን እንዴት እንደምትስብ፣ የትኛው መስመር ላይ እንደምታቆም ታሳያታለች፤ ከዚያም «አሁን አንቺ አሳዪኝ» ትላታለች። በመሃል ሕመም ቢያመልጥ የሚሰጥ ተጨማሪ መጠንም በወረቀቱ ላይ ይሰፍራል። ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። መጠኑን የሚወስነው መድኃኒቱን ያዘዘው ባለሙያ ነው፤ ለአንዱ የተለካው ለሌላው አይሆንም፣ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ሞርፊን ያለ ሆድ ማለስለሻ አይሰጥም። ማቅለሽለሹና እንቅልፉ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ይለቃሉ፤ ድርቀቱ ግን አይለቅም። ስለዚህ ሞርፊኑ ሲታዘዝ እንደ ቢሳኮዲል ያለ የሆድ ማለስለሻ አብሮ ይታዘዛል፤ መዋጥና መጠጣት ለሚችል ደግሞ ፓፓያና ውኃ ያግዙታል።

ቤተሰብ የሚፈራው ሌላ ነው። «ሱስ ያስይዛታል»፣ «ሞርፊን ተጀመረ ማለት አለቀላት ማለት ነው» ይባላል። ለሕመም በልኩ የሚወስድ ሰው ሰውነቱ መድኃኒቱን ስለሚለምድ በድንገት ማቆም የለበትም። ይህ ግን ሱሰኛ ከሚያደርገው ጥማት የተለየ ነገር ነው። በትክክለኛ መጠን የሚሰጥ ሞርፊን ሞትን አያፋጥንም፤ በሕመም ምክንያት መተኛት፣ መቀመጥ፣ ማውራት ያልቻለ ሰው በሞርፊን ተቀምጦ ከልጆቹ ጋር ሲጫወት ይታያል።

ፍርሃቱ በባለሙያውም ዘንድ አለ። ሞርፊን የሚታዘዘው በልዩ ወረቀት ነው፣ የሚቀመጠው በቁልፍ ነው። ቁጥጥሩ ተገቢ ነው፤ ያለአግባብ የሚወሰድ መድኃኒት ሲጎዳ አይተናል። ግን ቁጥጥሩ መድኃኒቱ የሚገባውን ሰው ማስቀረት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2017 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን ባወጣው ዘገባ መሠረት በዓለም በየዓመቱ ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን በሞርፊን የሚለካ ማስታገሻ ውስጥ ለድሃ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነበር። ሞርፊን ርካሽ መድኃኒት ሆኖ ሳለ ይህ መሆኑ የዘመናችን ትልቅ ግፍ ነው።

ሽታ፣ ትንፋሽ፣ አፍ፣ ቆዳ

ከሕመም ቀጥሎ ሰውን ከሰው የሚለየው የቁስል ሽታ ነው። የጡት ወይም የማኅፀን በር ካንሰር ሲቆስል ሽታው ቤቱን ይሞላል፤ በአዳማ ሙቀት ደግሞ ይብሳል። በሽተኛዋ ጠያቂ አፍንጫውን ሲይዝ ታያለች፣ ከዚያ በኋላ ሰው እንዳይገባባት ትለምናለች። ቤተሰቡ ዕጣን ያጨሳል፤ ሽታው ግን ዕጣኑን ያልፈዋል። መፍትሔው ሁሉም ሰው በአሜባና በጃርዲያ የሚያውቀው ሜትሮኒዳዞል ነው። ሽታውን የሚፈጥሩት አየር በሌለበት ሥጋ ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ መድኃኒቱ እነርሱን ይገድላል። ነርሷ ውኃ አፍልታ ታቀዘቅዛለች፣ በግማሽ ሊትሩ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ትጨምራለች፣ ቁስሉን ሳትፈትግ ታጥበዋለች። ከዚያ ክኒኑን ፈጭታ ዱቄቱን በቁስሉ ላይ ትነሰንስና ንጹሕ ጨርቅ ታለብሰዋለች። ፋሻ መግዛት ያልቻለ ቤት ያረጀ የጥጥ አንሶላ ቀድዶ፣ ቀቅሎ፣ ፀሐይ ላይ አድርቆ ይጠቀማል። ሽታው በጥቂት ቀናት ሲቀንስ ጎረቤት እንደገና አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል።

ትንፋሽ ማጠር ከሕመም የበለጠ ያስፈራል። በሽተኛው በትራስ ተደግፎ ቀና ይላል፣ መስኮቱ ይከፈታል፣ ፊቱ ላይ በእጅ ወይም በቬንትሌተር ይራገባል፤ ነፋሻማዋ አዳማ በዚህ ትረዳለች። ከሰሉ፣ ዕጣኑ፣ የቡናው ጭስ ከክፍሉ ይወጣል። ቡናው ደጃፍ ይፈላ። በትንሽ መጠን የሚሰጥ ሞርፊን የትንፋሽ ማጠር ስሜትንም ያቀልላል፤ ይህን ብዙ ባለሙያ እንኳ አያውቀውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተረጋግቶ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልገዋል፤ በክፍሉ ውስጥ ያለ ድንጋጤ ትንፋሹን ያሳጥረዋል።

አፍና ቆዳ የዕለት ተዕለት ሥራ ናቸው። የደረቀ አፍ በለስላሳ ጨርቅና በጨው ውኃ በየጥቂት ሰዓቱ ይጸዳል፣ ከንፈሩ ቫዝሊን ይቀባል፤ ምላስ ላይ ነጭ ነገር ከታየ ፈንገስ ነው፣ መድኃኒት አለው። ራሱን ማዞር ያቃተው ሰው በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣል፤ አንሶላው ያለ ሽብሽብ ይነጠፋል፣ ላብና ሽንት ወዲያው ይደርቃል። የቀላ ቆዳ አይታሽም፤ ከጫና ይገላገላል።

«ትንሽ ቅመሽ»

በእኛ ቤት ፍቅር የሚገለጠው በማጉረስ ነው። ስለዚህ በሽተኛ እህል ሲከለክል ቤተሰቡ ይጨነቃል። አጥሚት ይፈላል፣ ሾርባ ይሠራል፣ «ስለ እናትሽ፣ አንዴ ብቻ» ይባላል። ጠያቂም «ምነው አላበላችኋትም?» ብሎ ልጅቱን ይወቅሳል። በመጨረሻ «ግሉኮስ ይተከልላት» ይባላል።

ነርሷ እዚህ ላይ ረጋ ብላ የምታስረዳው ነገር አለ። የሚሞት ሰውነት ምግብ መቀበል የሚያቆመው መሞት ስለጀመረ ነው፤ የሚሞተው ስላልበላ አይደለም። ረሃብም በአብዛኛው አይሰማውም። በግድ የገባ ምግብ ያስመልሳል፣ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። በመጨረሻዎቹ ቀናት በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ እግርን ያሳብጣል፣ ጉሮሮ ላይ አክታ ያበዛል። የሚጠቅመው በሽተኛዋ ራሷ ስትፈልግ የምትቀምሰው አንድ ማንኪያ እርጎ ወይም ጭማቂ፣ ቀጥሎም ከንፈሯን ማራስ ነው። ጾም ሆኖ ወተትና መድኃኒት እምቢ ያሉ እናት ሲኖሩ ነርሷ አትከራከርም፤ የንስሐ አባታቸው ወይም ሼኩ እንዲጎበኟቸው ታደርጋለች። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ለበሽተኛ ፈቃድ አላቸው፤ ከእነርሱ አፍ ሲሰማ ኅሊና ያርፋል። ያቺ ከንፈር የምታርስ እጅ እንደ ጉርሻው ሁሉ ፍቅር ናት፤ ልጅቱም እናቷን እንዳላስራበቻት ማወቅ ይገባታል።

እውነቱን ማን ይንገራቸው

«ለእርሷ እንዳትነግሩብን» የሚለው ልመና በየሆስፒታሉ ይሰማል። ውጤቱ ለልጅ፣ ለወንድም፣ ለባል ይነገራል፤ በሽተኛዋ «ቁስለት ነው» ትባላለች። ቤተሰቡ የሚደብቀው ከፍቅር ነው፣ ተስፋ እንዳትቆርጥ ብሎ ነው። እርሷ ግን ሰውነቷን ታውቃለች። ሁሉም እያወቀ ሁሉም ሲደባበቅ፣ በሽተኛዋ የምትጠይቀው ታጣለች፤ ፍርሃቷን ይዛ ብቻዋን ትቀራለች።

ባህላችን ከባድ ወሬ መንገር ያውቃል። መርዶ ለብቻው ላለ ሰው፣ በመንገድ ላይ፣ በስልክ አይነገርም። የሚወዱት ሰዎች ተሰብስበው፣ ማልደው ሄደው፣ አስቀምጠው፣ ቀስ ብለው ነው የሚነግሩት። የሠለጠነች ነርስ ይህንኑ ጥበብ ለሕያው ሰው ትጠቀምበታለች። መጀመሪያ ትጠይቃለች፦ «ስለ ሕመምዎ ምን ነገሩዎት እማማ?» ቀጥላ «ምን ያህሉን ማወቅ ይፈልጋሉ? ወይስ ለልጅዎ ልንገራት?» ማወቅ የሚፈልግ ሰው በሚያምነው ሰው ፊት፣ በሚችለው መጠን፣ በቀስታ ይነገረዋል። ማወቅ የማይፈልግም አይገደድም፤ ምርጫው ግን የራሱ ነው።

ያወቀ ሰው የሚሠራው ነገር አለው። የተኳረፈውን ይታረቃል፣ ዕዳውን ይናገራል፣ ይቆርባል፣ ትንሿን ልጅ ማን እንደሚያሳድግ ይወስናል። ኑዛዜም ጊዜ ይፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ተጽፎ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብና መፈረም አለበት፤ ነፍስ ልትወጣ ስትል በቃል የተነገረ ኑዛዜ ቤትና ንብረት ለማስተላለፍ አይበቃም። ለበሽተኛዋ እውነቱን የደበቀ ቤተሰብ ከቀብር በኋላ ለዓመታት ፍርድ ቤት ሊመላለስ ይችላል።

የመጨረሻዎቹ ሰዓታት

ሞት ሲቀርብ ሰውነት ምልክት ይሰጣል። በሽተኛው አብዛኛውን ጊዜ ይተኛል፣ መዋጥ ያቆማል፣ ሽንቱ ይቀንሳል፣ እጅና እግሩ ይቀዘቅዛል፣ ቆዳው ይዥጎረጎራል። ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ይዘገያል፣ ቆም ብሎ ይቀጥላል። ጉሮሮ ላይ የሚሰማው ማጓራት አጠገቡ ያለውን ሰው ያስጨንቃል፤ በሽተኛው ግን በአብዛኛው አይሰማውም። ወደ ጎኑ ቢተኛ ይቀንሳል። ቢወራጭ ነርሷ መጀመሪያ የምታየው ፊኛው መሙላቱን፣ ሆዱ መድረቁን፣ ሕመሙ መበርታቱን ነው። መዋጥ ቢያቅተውም ማስታገሻው አይቋረጥም፤ የሚሰጥበት መንገድ ይለወጣል። የማያስፈልጉ ክኒኖችና ምርመራዎች ግን ይቀራሉ።

ይህን ቀድሞ የተነገረው ቤተሰብ በሌሊት ባጃጅ ተከራይቶ ወደ ድንገተኛ ክፍል አይሮጥም፣ በሽተኛውም መንገድ ላይ አይሞትም። እጁን ይይዛል፣ ያናግረዋል፤ መስማት ከስሜት ሕዋሳት ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚቀር እንደሆነ ይታመናል። ክርስቲያኑ ካህኑን ይጠራል፣ ሙስሊሙ ወደ ቂብላ አዙሮ ሸሃዳውን በጆሮው ያሰማዋል። ጩኸቱና ዋይታው ነፍስ እስክትወጣ ይታገሣል።

አስታማሚዋና ዕድሩ

የዚህን ሁሉ ሸክም የምትሸከመው አስታማሚዋ ናት፤ ብዙ ጊዜም ሴት ናት፣ ብዙ ጊዜም ወጣት። ካልተኛች መድኃኒቱን በሰዓቱ አትሰጥም፣ ወገቧ ካለቀ እናቷን አታገላብጥም። ስለዚህ እርሷም የሕክምናው አካል ናት፤ ነርሷ «አንቺስ ተኝተሻል?» ብላ መጠየቅ አለባት።

ዕድሮቻችን መግባት ያለባቸው እዚህ ላይ ነው። ከድንኳኑና ከወንበሩ ጎን አንድ ፍራሽ፣ አንድ ተሽከርካሪ ወንበር፣ አንድ የአልጋ ላይ መጸዳጃ ቢኖር፣ ቤት ለቤት እየዞረ ያገለግላል። ለቀብር ተረኛ የሚመድብ ዕድር በሳምንት ሁለት ሌሊት አስታማሚዋን የሚተካ ተረኛ መመደብ አያቅተውም። ከመዋጮው ጥቂቱ ነርስ ቤት ድረስ ለምትመጣበት ትራንስፖርት ይበቃል። በየሰፈሩ ጡረታ የወጡ ነርሶች አሉ፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት የሚሄዱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። ለእነርሱ የአፍና የቁስል እንክብካቤ፣ የአምስቱ ጣት ጥያቄ፣ የግድግዳው ወረቀት ይሰጣቸው። ሆስፒታሎች ደግሞ «ወደ ቤት ውሰዷቸው» ከማለታቸው በፊት የሚጠጣ ማስታገሻ፣ የጽሑፍ መመሪያና የምትደወልላት ነርስ ስልክ ይስጡ።

ይህ ለሞጆም፣ ለመቂም፣ ለባቱም፣ ለሻሸመኔም ይሠራል፤ ዕድር ወይም እንደ እርሱ ያለ መረዳጃ በሁሉም አለና። በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ላይ ስለ ድንኳኑ እድሳት ሲነጋገሩ አንድ ሰው ተነሥቶ «በሰፈራችን አሁን ተኝቶ ያለው ማን ነው? ዛሬ ማታ ማን አብሮት ያድራል?» ብሎ ይጠይቅ። የዚህ ጥያቄ መልስ በቃለ ጉባኤ ላይ የተጻፈለት ሰፈር የማስታገሻ ሕክምናን ግማሽ መንገድ ሄዷል፤ የቀረውን ግማሽ ነርሷና መድኃኒቱ ይሞሉታል።